ከፋጡማ ቤት ያወረድኩት አሸንዳ

የንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ጾም መግደፌን ያውቃሉ። ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ያውቃሉ። ከሰው ጨርቅ ቁራጭ ማስቀረቴንም ያውቃሉ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከዚህ ኃጢአት የጸዳ ልብስ ሰፊ ካለ መጥቶ ያስተምረኝ። የአሸንዳውን ነገር ግን አያውቁም። በየዓመቱ ፊታቸው ቀርቤ እዚህች ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። አለ እንጂ! ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አይከብድም። ባለቤቴ አበበች ግማሹን ታውቅ ነበር፣ ሙሉውን ሳልነግራት ሞተች። ልጆቼ ምንም አያውቁም። እንግዲህ ዛሬ ለእናንተ ልነግራችሁ ነው፤ አታውቁኝም፣ ስለዚህ ትንሽ ይቀለኛል። ወይም የሚቀለኝ ይመስለኛል።

አሰላ ላይ ቤት የሠራ ሰው ጠላቱ ማን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ውኃ ነው። የጭላሎ ደመና አንዴ ከወረደ በቀላሉ አይመለስም፤ ክረምቱን ሙሉ ልብስ ሳይደርቅ፣ እንጨት ሳይነድ ይኖራል። የጭቃ ቤት ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል። ጭቃው በጭድ ይቦካ፣ ማገሩ የጥድ ይሁን የባሕር ዛፍ፣ ራሱና እግሩ እስከደረቀ ድረስ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። እግሩ ከራሰ ግን አለቀለት። ይህን እኔ አውቃለሁ። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም፤ ሌላው ሰው ይበል፣ እኔ አልችልም።

ግቢዬ ውስጥ ሁለት ቤት ነበረኝ። ፊት ለፊት ያለው እኔና አበበች የምንኖርበት፣ የስፌት መኪናዬም ያለበት ነው። ጓሮው ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ደግሞ ለዓመታት ጨርቅ ላይ አጎንብሼ፣ ዓይኔን አፍስሼ ሠራሁትና አከራየሁት። መሬቱ ወደ ጓሮ ያዘነብላልና የዝናቡ ውኃ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ለጓሮው ቤት አሸንዳ አሠራሁለት። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ነገር አዋቂ ነበር፤ ጫፉን እንደ ወፍ መንቁር አሹሎ፣ ውኃው ከግድግዳው ርቆ ቦይ ውስጥ እንዲወድቅ አድርጎ ሠራው። ሲዘንብ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ የዚያን መንቁር ውኃ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ተከራይዋ ፋጡማ ትባላለች። የአርሲ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ከገጠር ሴቶች ቅቤ ተቀብላ ገበያ የምትሸጥ። ባሏ ኋላ ላይ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተና ወሬው ጠፋ። ሀዋ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረቻት፤ ሲዘንብ ሲያባራ ከዚያ የአሸንዳ መንቁር ሥር ቆማ እጇን የምትታጠብ፣ "መንቁሬ" እያለች የምትጠራው። ኪራይዋን አጓድላ አታውቅም። ግድግዳው ቢሰነጠቅ "ጋሼ፣ ግድግዳው ተሰነጠቀ" ትለኛለች፣ እኔ ጭቃ አስቦክቼ አስመርጋለሁ። ከውስጥ ያለውን ጽዳት እሷ፣ ከውጭ ያለውን ዝናብ እኔ እንጠብቃለን። ማንም አልጻፈልንም፣ ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

ከዚያ የትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። የጓሮው ቤት "ትርፍ" ተባለ። ትርፍ! ትርፍ ማለት እኔ የማውቀው ከተቆረጠ ሱሪ የሚቀር ብጣሽ ነው። የቀበሌው ሰዎች መጥተው "ባለ ሁለት ክፍል፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን" ብለው መዝግበው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የሕዝብ ሆነ፣ ኪራዩም የቀበሌ። እኔ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ከቀበሌ ቤት ጋር ጎረቤት ሆንኩ።

አንጀቴ አረረ። ይህን አልደብቅም። ግን እዚህ ላይ ቆሜ እንድታዝኑልኝ አልፈልግም፤ በዚያ ጊዜ ቤት የተወሰደበት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሌላው ሰው አልቅሶ፣ ተራግሞ፣ ቀስ በቀስ ለመደው። እኔ ምን አደረግኩ? ቁጭ ብዬ የመዘገቡትን ቃል አመነዥግ ጀመር። ጭቃ ብለዋል፣ ቆርቆሮ ክዳን ብለዋል። አሸንዳ አላሉም። እንግዲያው አሸንዳው የኔ ነው! ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ደስ አለኝ፤ አንድ ነገር ከመንግሥት እጅ ያስመለጥኩ መሰለኝ። መሰላል አቁሜ፣ ጉጠት ይዤ፣ ምስማሩን እየነቀልኩ አሸንዳውን አወረድኩት።

አበበች ከመሰላሉ ሥር ቆማ ታየኝ ነበር።

"አንተ ሰው፣ ምን ልታደርገው ነው? የኛ ቤት እንደሆነ የራሱ አለው።"

"ለመንግሥት አሸንዳ አላዋስም!" አልኳት።

"መንግሥት መቼ እዚያ ያድራል? የምታድረው ፋጡማ ናት።"

"ቀበሌው ያሠራላታ! ኪራዩን የሚበላው ማን ነው?"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ አልሰማህም?" አለችኝና ጥላኝ ገባች።

እናንተ ንገሩኝ፣ አሸንዳውን ሸጥኩት? አልሸጥኩትም። ተጠቀምኩበት? አልተጠቀምኩበትም። ከቤቴ ጀርባ አጋድሜ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈንኩት። ዝም ብሎ እዚያ ተኛ። አህያዋ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው እንዲህ ያለውን ነው። ለአንድ ሳንቲም ጥቅም እንኳ ቢሆን ኖሮ ሌባ ነኝ ብዬ እገላገል ነበር፤ እኔ ግን ሌባ እንኳ አልነበርኩም።

ፋጡማ ከገበያ ስትመለስ ጣሪያውን አየች። ባዶውን ጠርዝ አየች፣ የምስማሩን ቀዳዳ አየች። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ "ቀበሌ ሂጂና ጠይቂ" ልላት። እውነቱን ልናገርና፣ ብትጠይቀኝ መጀመሪያ እጮህባታለሁ፣ ሲመሽ ግን መልሼ እሰቅለው ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ቁጣዬ የገለባ እሳት ነው። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። አንገቷን ደፍታ ገባች።

ለምን አልጠየቀችኝም? ያኔ አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ኪራዩ ወደ ቀበሌ የዞረ ዕለት ፋጡማ ቅቤ በቅል ይዛ መጥታ ነበር። "ጋሼ፣ ወላሂ እኔ አልወሰድኩም። ቤቱ የእርስዎ ነው። ክፈይ ያሉኝ እዚያ ስለሆነ ነው" ብላ እንባዋ መጣ። የወሰደችብኝ እሷ ይመስል! ከዚያ በኋላም በየመስቀሉ፣ በየፋሲካው፣ የኛን በዓል ጠብቃ ቅቤ ታመጣልን ነበር። ቤቱን የተቀማ ሰው ዘንድ ሄዶ "አሸንዳዬስ?" ማለት ለእሷ ነውር ነበር። ይሉኝታ ያዛት። እኔም እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ። እሷ በይሉኝታ፣ እኔ በእልህ ዝም ስንባባል ክረምቱ ገባ።

የአሰላን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሙሉ የግድግዳው እግር ላይ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ከዚያ ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ፣ ኩሬውን ግድግዳው ጠጣው። ፋጡማ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጥፋው ነበር፤ ጋዜጣው አበጠ፣ ተላቀቀ፣ ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ነጠብጣቡ እየሰፋ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ቀን አበበች ገብታ አይታ መጣች። የሣር ፍራሹ ሥሩ በስብሷል፣ ማታ የወለቀ ጫማ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል፣ ቤቱ የሻገተ ዳቦ ይሸታል አለችኝ። "ልጅቷም ታስላለች" አለችኝ። እኔ ጨርቅ እየለካሁ ነበር፤ መለካቴን ቀጠልኩ።

ሀዋ የምትተኛው በዚያ ግድግዳ ሥር ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ሌላ የት ትተኛ? መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ከዚያ ሳሉ ቀረና ደረቷ ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ስትስቅ ሳቋ መሃል ላይ ይቆረጥና አፏን ከፍታ አየር ትፈልጋለች። ፋጡማ ብርድ ነው ብላ መስኮቱን ዘጋች። ውጭ የሚደርቅ ነገር ስለሌለ ልብሷን ውስጥ አሰጣች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፋጡማ እኔን አትጠይቅ እንጂ ቀበሌውን ጠይቃለች። እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳለች። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማኅተሙን የያዘው ለዘመቻ ወጥቷል፤ የጥገና በጀት አልመጣም። የራሷን አሸንዳ ገዝታ ልትሰቅልም ጠይቃ ነበር። የሕዝብ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት ክልክል ነው አሏት። ፈቃዱን ስጡኝ ስትል፣ ቆርቆሮ የሚገዛው በቀበሌ ወረቀት ነው አሏት። ወረቀቱን ስጡኝ ስትል፣ መጀመሪያ ኮሚቴ ቤቱን ይየው አሏት። ይህን ሁሉ ለአበበች ስታወራ በመስኮት እሰማለሁ። እሰማና "አየሽ የመንግሥት አከራይነት!" ብዬ በልቤ እስቃለሁ። ቆርቆሮው ከጀርባዬ፣ ጆንያ ሥር፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ተኝቷል። እሷ ደግሞ ለቆርቆሮ ወረቀት ትለምናለች። እንዴት ያለሁ ሰው ነበርኩ?

በመጨረሻ የቤቶች ኮሚቴው መጣ። ኃላፊው ጓድ አየለ የሚባል ወጣት ነው፣ ክፉ ልጅ አልነበረም። ከእሱ ጋር የመጡት ሁለቱ ግን ቶሎ ጨርሰው መሄድ ብቻ ነበር ሐሳባቸው። ደንቡ ቀላል ነው። ብልሽቱ የቤቱ ከሆነ ቀበሌው ያድሳል፣ ተከራዩ ያበላሸው ከሆነ ተከራዩ በራሱ ያድሳል፤ ካላደሰ ይለቃል። እንግዲህ ማወቅ የፈለጉት ይህንኑ ነው። ገብተው ሻጋታውን አዩ፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ወጡ። ሁሉም ግድግዳውን አዩ እንጂ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ አልነበረም። ከዚያ ጓድ አየለ ወደኔ ዞረ።

"አቶ በላቸው፣ ቤቱን ያሠሩት እርስዎ ነዎት። በእርስዎ ጊዜ ይህ ሻጋታ ነበር?"

ጥያቄው ይኸው ነበር። መልሱም አጭር ነበር፤ "አልነበረም፣ አሸንዳ ነበረው፣ እኔ አወረድኩት።" ይህን ብል ኖሮ ዛሬ እናንተን አላስቸግርም ነበር።

"ኧረ በጭራሽ!" አልኩ። "በኔ ጊዜ ደረቅ ነበር።" ይህ እውነት ነው።

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"እርጥበቱ ከውስጥ ነው" አልኩ። "ልብስ አጥባ ቤት ውስጥ ታሰጣለች። ሲሻት ቅቤ ታነጥራለች፣ ውኃ ታፈላለች፤ እንፋሎቱ የት ይሂድ? መስኮት ተከፍቶ አይቼ አላውቅም። ቤት አያያዝ ይጠይቃል፣ ጓድ።"

አያችሁ? ልብስ ታሰጣ ነበር፣ እውነት ነው። መስኮት ትዘጋ ነበር፣ እውነት ነው። ውሸቴን ከእውነት ቁራጭ ገጣጥሜ ሰፋሁት፤ ስፌት ሥራዬ ነውና ስፌቱ አልታየም። ራሴ ያረጠብኩትን ቤት በእንፋሎቷ አመካኘሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔ ለክኬዋለሁ።

ፋጡማ እዚያው ቆማ ነበር፤ ሀዋን በጀርባዋ አዝላ። ልጅቷ የመታዘል ዕድሜዋ አልፏል፣ ግን ያን ሰሞን መራመድ ያደክማት ነበር። ፋጡማ ዓይኗን አነሳችና የጣሪያውን ጠርዝ አየች፣ የምስማሩን ቀዳዳዎች። ቀጥሎ እኔን አየች። በዚያ ዘመን "አሻጥር" የሚባል ቃል ነበር፤ በሕዝብ ንብረት ላይ አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል፣ መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። "አሸንዳው የት ሄደ?" ብትል በቂ ነበር። ጆንያውን ገልጠው፣ አሸንዳውን አሸክመው ይወስዱኝ ነበር።

"እሺ" አለች ፋጡማ፣ ለጓድ አየለ። "እኔው አስመርገዋለሁ። ጋሼን አታድክሙ።"

ጋሼን አታድክሙ!

ከእስር ያዳነችኝ ሴት ይህች ናት። የከሰስኳት፣ በሰው ፊት ቤት አያያዝ የማታውቅ ያስባልኳት ሴት። ፈርቼ ነው ልል እችላለሁ፣ መፍራቴም እውነት ነው። ግን ፍርሃቱ የመጣው ዋሽቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ ነው። ስዋሽ አልፈራሁም ነበር። ስዋሽ ተናድጄ ነበር፤ ቤቴን በወሰዱት ላይ፣ በዚያ ወጣት የኮት ኪስ ላይ በተሰካው እስክሪብቶ ላይ፣ ሳትጠይቀኝ በቀረችው በፋጡማ ላይ ሳይቀር። ንዴቴን የማወጣበት ከሁሉ ደካማ የሆነ ሰው ፈለግኩና አገኘሁ። ስለዚህ ፈርቶ ነው ብላችሁ አታልፉኝ።

ያን ቀን አበበች ገበያ ነበረች። ስትመለስ "ምን ወሰኑ?" አለችኝ። "ራሷ ታድስ አሏት" አልኳት። "እነዚህ አረመኔዎች!" ብላ ተራገመች። እኔም አብሬያት ተራገምኩ።

በማግስቱስ? በማግስቱ መሰላሉን አቁሜ ልመልሰው እችል ነበር። ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቅም፣ ኮሚቴው እንደሆነ ሁለተኛ አይመጣም። አበበች ለመነችኝ፤ "ያንን ቆርቆሮ መልሰው፣ የልጅቷ ትንፋሽ አላስቀምጥ አለኝ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። መልሼ ብሰቅለው ያወረድኩት እኔ መሆኔን ማመን ይሆንብኛል። ግድግዳው የጨርቅ ያህል ሳስቶ እያየሁት፣ የልጅ ደረት ሲያፏጭ እየሰማሁ፣ እኔ ክብሬን እጠብቅ ነበር። የምን ክብር? እስኪ አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል፤ የምን ክብር ነበር የነበረኝ?

ፋጡማ ጭቃ አቡክታ፣ እበት ቀላቅላ፣ ራሷ መረገችው። እርጥብ ግድግዳ ላይ እርጥብ ምርጊት ይያዛል? በሚቀጥለው ዝናብ ተንሸራትቶ ወረደ። እንደገና መረገችው፣ እንደገና ወረደ። ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር ሀዋን አዳምጦ "ይህችን ልጅ ከእርጥበት ካላወጣሻት ሌላ መድኃኒት የለኝም" አላት። ፋጡማ ዴራ ዘመዶች ነበሯት። ዴራ ቆላ ነው፣ ደረቅ ነው። ገበያዋን፣ ደንበኞቿን፣ ባሏ ቢመለስ የሚያውቀውን ብቸኛ አድራሻ ትታ ልትሄድ ተነሳች። ባሏ ቢመጣ ወዴት እንደሄደች እንድንነግረው አደራ ሰጠችን። እሱ ግን አልመጣም።

የሄደች ዕለት ቁልፉን ለቀበሌ አስረክባ ወደኛ ቤት መጣች። ቅቤ ይዛለች። "ጋሼ፣ ብዙ ዓመት ቤትዎ ኖሬያለሁ፣ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ" አለች። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! እኔስ ምን አልኩ? "ምንም የለም፣ በሰላም ሂጂ" አልኩ። ይቅር እንዳልኳት! ቅቤውንም ተቀበልኩ። በላሁት።

በዓመቱ ክረምት የጓሮው ቤት ግድግዳ ተደረመሰ። እግሩ በስብሶ ነበርና ቆሞ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዘመም አለና ወደቀ። ቀበሌው መጥቶ ቆርቆሮውን ገፎ ወሰደ። በገዛ እጄ የሠራሁትን ቤት በገዛ እጄ አፈረስኩት። መንግሥት የወሰደብኝ ቤት ቆሞ ነበር፤ የጣልኩት እኔ ነኝ። ከጀርባዬ ያለው አሸንዳ ግን ምንም አልሆነም፣ ዝገት እንኳ አልነካው።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነው፣ እኔ ሸምግያለሁ። አንድ ቀን አንዲት ቅቤ ሻጭ ፋጡማን ዴራ እንዳየቻት፣ ለሾፌሮች ሻይና ዳቦ እየሸጠች እንደምትኖር ነገረችኝ። ያን ሳምንት መርፌ መያዝ አቃተኝ። በመጨረሻ አሸንዳውን ከጆንያው ሥር አወጣሁና አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አሳስሬ ተነሳሁ። አበበች ወዴት ነው አላለችኝም፤ ቆርቆሮውን ስታይ ገብቷት ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ኢተያን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ የምናገረውን በልቤ እደረድር ነበር። አሸንዳውን አውርጄ ነበር፣ ኮሚቴው ፊት ዋሽቼብሻለሁ፣ ልጅሽን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ይህን ብቻ ብዬ እመለሳለሁ አልኩ።

ፋጡማ ገና ከሩቅ ስታየኝ እየሮጠች መጣች። "ጋሼ በላቸው! ኧረ ራቢ ዕድሜ ሰጥቶ አገናኘን!" ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። በርጩማ አወጣችልኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። አፌን ከፈትኩ። የተደረደረው ሁሉ ጠፋኝ።

"አሸንዳ አምጥቼልሽ ነው" አልኩ። "እዚህ ውኃ ብርቅ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሲዘንብ በርሜል ይሞላልሻል ብዬ ነው።"

ስጦታ አደረግኩት። የራሷን አሸንዳ፣ ከራሷ ቤት የነቀልኩትን፣ ስጦታ አድርጌ ሰጠኋት!

በዚህ መሃል ሀዋ ከኋላ ባልዲ ይዛ መጣች። አድጋለች፣ ቆንጆ ሆናለች። ባልዲውን አስቀምጣ ሰላም ልትለኝ ስትሞክር ትንፋሿ አጠራት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ያው ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ነው፣ ከዓመታት በፊት በመስኮት የምሰማው። ዴራ አቀለለላት እንጂ አላዳናትም። ትንፋሿ ሲመለስላት ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ጫፉን፣ ያንን መንቁር፣ በጣቷ ዳሰሰችው።

"እማ፣ ይህ የድሮ ቤታችን አሸንዳ አይደለም እንዴ? መንቁሬ?"

ፋጡማ ቀና አላለችም፣ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። "ዝም በይ አንቺ" አለቻት። "ቆርቆሮ ሁሉ ይመሳሰላል።"

ሀዋ ግን እኔን አየችኝ። እኔን ነበር የምትጠይቀው። መልሱን ከእናቷ ሳይሆን ከኔ ትጠብቅ ነበር። እኔም ብርጭቆዬን አንስቼ ሻይ ጠጣሁ። ፋጡማ ለሁለተኛ ጊዜ ሸፈነችኝ፣ እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸፈንኩ። ሊመሽ ሲል ጎረቤት ጠርታ አሸንዳውን አሰቀለችው፣ በርሜል ከሥሩ አስቀመጠች። አውቶቡስ ድረስ ሸኝታኝ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ መረቀችኝ። "ገለቶማ፣ ጋሼ። ራቢ ቤት አይንሳዎ። ጣሪያዎ አያፍስስ፣ ግድግዳዎ አይራስ።" አሜን አልኩ። እንዴት ብዬ አሜን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ምርቃቷ ደርሷል። ቤቴ ዛሬም ደረቅ ነው። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በደረቅ አልጋ ላይ ተኝቼ እሰማዋለሁ፣ እንቅልፍ ግን አይወስደኝም።

ፋጡማ ማረፏን በቅርቡ ሰማሁ። እንግዲህ ከእሷ ይቅርታ መጠየቅ አልችልም፤ ስችል ሻይ ጠጣሁ። ዘመኑ ነው አልልም፤ ዘመኑ መሰላል አላቆመልኝም። አዋጁ ነው አልልም፤ አዋጁ ዋሽ አላለኝም። ኮሚቴው ቀና ብሎ ስላላየ ነው አልልም፤ እኔ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ለንስሐ አባቴም በሚቀጥለው ጊዜ እነግራቸዋለሁ። ስግደቱን ቢያዙኝ ጉልበቴ እስከቻለ እሰግዳለሁ፣ ነገር ግን በእኔ ስግደት የአንዲት ሴት ደረት እንደማይከፈት አውቃለሁ።

ሀዋ፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም። ሳይጠየቁ ይቅር ማለት የእናትሽ ጠባይ ነበር፤ አንቺ የእሷን ሸክም የመሸከም ዕዳ የለብሽም። ብቻ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። አዎ፣ ልጄ። ያው የቤታችሁ አሸንዳ ነው።